ሁለት ባላ፦ ለቪዲዮም ለፎቶግራፍም አንድ ዲጂታል ካሜራ የመምረጥ ታሪክ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ፣ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



 የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ከታሪክ ይልቅ የገበያ ጉዳይ መስሎ ሊታያችሁ እንደሚችል አውቃለሁ። የካሜራ ምርጫ የሱቅ ወሬ እንጂ የታሪክ ክፍል ገለጻ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ጥቂት ነው። ሆኖም የታሪክ ሰው ምንጭ ፈልጎ የሚያነብ ብቻ አይደለም። ካሜራ ይዞ ወደ ገጠር በወጣ ጊዜ ምንጭ ይፈጥራል። የያዘው መሣሪያ ማየት የማይችለውን ነገር ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪም አያየውም። ስለዚህ የመሣሪያ ምርጫ የማስረጃ ምርጫ ነው። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ስለሆነ፣ ዛሬ ስሕተቱንም ታሪኩንም አንድ ላይ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ስለ ራሴ ስናገር ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ነው፤ ስለ መሣሪያዎቹ ስናገር ግን የአውሮፓውያንን አቆጣጠር እጠቀማለሁ።

በ1996 ዓ.ም. ለዶክትሬት ጥናቴ ወደ ሰሜን ሸዋ ለመውጣት እዘጋጅ ነበር። የጥናቱ ጉዳይ የርስትና የጉልት ስጦታዎች ነበር። እንደምታውቁት በአገራችን እንዲህ ያለው ስጦታ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በራሱ መዝገብ ላይ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነው። እኔም ሁለት ነገር ያስፈልገኝ ነበር። አንደኛው የእነዚያ ገጾች ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ነው። ሁለተኛው ስለ ስጦታው የሚተርኩት ሽማግሌዎች ምስልና ድምፅ ነው። የነበረኝ ገንዘብ ግን የሚበቃው ለአንድ መሣሪያ ብቻ ነበር።

በአሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ መፍትሔ ያገኘልኝ መሰለው። በመዳፍ የሚያዝ፣ ሚኒ ዲቪ ካሴት የሚጎርስ፣ ሳጥኑ ላይ «ቪዲዮም ፎቶግራፍም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዲጂታል ካምኮርደር ነበር። ፎቶግራፉ አንድ ሜጋፒክስል እንደሆነም ሳጥኑ ይናገራል። ከመወሰኔ በፊት ፒያሳ ለረጅም ዘመን በፎቶግራፍ ሥራ የኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄጄ አማከርኋቸው። «አባባ፣ አንዱ ሁለቱንም ይሠራል ይላሉ፤ ምን ይመክሩኛል?» አልኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ልጄ፣ ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለው መለሱልኝ። ያገለገለ ባለ ፊልም ካሜራ በርካሽ ሊፈልጉልኝም ቃል ገቡ። እኔ ግን የዘመኑን ቴክኖሎጂ ያልተከታተሉ ሰው ምክር አድርጌ ወሰድሁትና አመስግኜ ወጣሁ።

አዛውንቱ የተናገሩት ተረት ቢሆንም በውስጡ የመቶ ዓመት ታሪክ ነበረበት። ቋሚው ምስልና ተንቀሳቃሹ ምስል ወንድማማቾች ናቸው፤ እየተበዳደሩ ያደጉ፣ ግን በአንድ ቤት ተስማምተው መኖር ያቃታቸው ወንድማማቾች። በጀርመን ኦስካር ባርናክ እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1914 ባለው ጊዜ የላይካን የመጀመሪያ ናሙና ሲሠራ የተጠቀመው የሲኒማ ፊልም ነበር። ነገር ግን የሲኒማው ክፈፍ 18 በ24 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ለፎቶግራፍ አነሰ። ባርናክ ክፈፉን እጥፍ አደረገውና 24 በ36 ሚሊሜትር ሆነ፤ ይህ ልክ እስከ ዛሬ የፎቶግራፍ መለኪያ ሆኖ ይኖራል። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስሎችን ስለሚያሳየን ዓይናችን የአንዱን ጉድለት በሌላው ይሞላል። ፎቶግራፍ ግን ብቻውን ይቆማል፤ የሚደግፈው ጎረቤት የለውም። ስለዚህ የበለጠ ዝርዝር ይጠየቃል።

የዲጂታሉ ዘመን ሲመጣም ብድሩ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ላቦራቶሪዎች ሲሲዲ የተባለውን፣ በኋላ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለመቀየር ያገለገለውን ረቂቅ መሣሪያ ፈለሰፉ። በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የመጀመሪያውን ዲጂታል ፎቶ ካሜራ ሲገጣጥም ሌንሱን የወሰደው ከሱፐር 8 የፊልም ካሜራ ነው፤ ምስሉን የሚያስቀምጠው ደግሞ በካሴት ላይ ነበር። ምስሉ 100 በ100 ነጥቦች ብቻ ሲኖሩት፣ አንዱን ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። በ1981 ሶኒ ማቪካ የተባለውን ካሜራ ለዓለም ሲያሳይም ነገሩ በእውነቱ የቪዲዮ ካሜራ ነበር፤ ከሚፈሰው ምስል አንዱን አቁሞ በትንሽ ማግኔታዊ ዲስክ ላይ ያስቀምጥ ነበር እንጂ ገና ዲጂታል አልነበረም።

በ1995 የዲቪ ካሴት ገበያ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት የወጣው የሶኒ ቪኤክስ1000 ካሜራ፣ ምስልን ጥራቱ ሳይጓደል በፋየርዋየር ገመድ ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ስላስቻለ፣ ለጋዜጠኛውም ለጀማሪ ፊልም ሠሪውም በር ከፈተ። በአንድ ካሴት 60 ደቂቃ ይቀረጻል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ካምኮርደሮች «የፎቶ» ቁልፍ ይዘው መጡ። በመጀመሪያዎቹ ዘንድ ቁልፉ ሲጫን የሚሆነው ይህ ነበር፦ አንድ የቪዲዮ ክፈፍ ለ6 ወይም ለ7 ሰከንድ ያህል ቆሞ በካሴቱ ላይ ይቀረጻል። በአንድ ካሴት ከ500 በላይ «ፎቶግራፍ» ይያዛል ማለት ነው። ቁጥሩ ያስጎመጃል፤ ግን እያንዳንዱ ከአንድ የቪዲዮ ክፈፍ የበለጠ አልነበረም።

አንድ የዲቪ ክፈፍ ምን ያህል ነው? በአውሮፓና በአገራችን ይሠራበት በነበረው በፓል ሥርዓት 720 በ576 ነው፤ ይህም 414,720 ነጥብ ይሆናል። በአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 720 በ480፣ ማለት 345,600 ነው። ከግማሽ ሜጋፒክስል በታች መሆኑን ልብ በሉ። በዚያ ላይ ክፈፉ በሁለት ጊዜ የሚሸመን ነው፤ አንድ ጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ይቀረጻሉ። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ሁለቱ መስመሮች አይገጥሙም፤ የምስሉ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ቀለሙም በሙሉ አይመዘገብም፤ በሁለቱም ሥርዓቶች ለአራት ነጥብ አንድ የቀለም ናሙና ብቻ ይወሰዳል። ለሠርግ ቪዲዮ ይህ ምንም አይደለም። የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ለሚጽፍ ብራና ግን ቀዩ ፊደል ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል።

አምራቾች ይህን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከሁለት ሺሕ ዓመት መግቢያ ጀምሮ ለፎቶግራፉ የተለየ ሜሞሪ ካርድ ጨመሩ፤ የሲሲዲውንም ነጥቦች አበዙ። እዚህ ላይ ግን አንድ ተቃርኖ ተነሣ። ቪዲዮ ጥቂትና ሰፋፊ ነጥቦችን ይወድዳል፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚያየው በእነዚያ ነውና። ፎቶግራፍ ብዙ ነጥቦችን ይፈልጋል። በጥፍር ልክ ባለች ሲሲዲ ላይ ነጥቦቹ በበዙ ቁጥር እያንዳንዳቸው ይጠብባሉ፤ በቤት ውስጥ ያለው ቪዲዮም በእህል እንደተነፋ ይሆናል። አንዱን ሲያክሙ ሌላው ታመመ። ሳምሰንግ በ2003 ባስተዋወቀው ዱዎካም በተባለው ካምኮርደር ያደረገው መፍትሔ እጅግ ግልጽ ነው፤ በአንድ አካል ላይ ሁለት ሌንስና ሁለት የምስል መቀበያ አኖረ፤ አንዱን ለቪዲዮ፣ ሌላውን፣ አራት ሜጋፒክስል ያለውን፣ ለፎቶግራፍ። የፒያሳው አዛውንት ቢያዩት ኖሮ ይስቁ ነበር። የሁለት ባላን ተረት በፋብሪካ መተርጎም ነውና።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ።

የእኔ ካሜራ ከመጣ በኋላ የመጀመሪያው ችግር በትምህርት ክፍላችን ቴሌቪዥን ላይ ታየ። ካሜራው የአሜሪካ፣ ቴሌቪዥኑ የፓል ስለነበር ምስሉ ያለ ቀለም መጣ። በቢሮው ውስጥ በፍሎረሰንት መብራት ስቀርጽም ምስሉ ይብለጨለጭ ነበር፤ የአሜሪካው ካሜራ ለ60 ኸርዝ መብራት የተሠራ ሲሆን የእኛ 50 ኸርዝ ነው። በዚያ ዘመን ከአሜሪካ ካሜራ የተላከላችሁና ከዱባይ ወይም ከጅዳ የመጣለት ጎረቤታችሁ ለምን ይበልጥ እንደተደሰተ አሁን ይገባችኋል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣው ፓል ነበርና። እኔ ግን ሥራዬ ሜዳ ላይ በፀሐይ ብርሃን ነው ብዬ ችግሩን ችላ አልሁት።

በዚያው ዓመት ጥር ወር ከአንድ የገጠር ደብር ደረስሁ። የደብሩን አለቃ እጅ ነሥቼ ጉዳዬን አስረዳሁ። አለቃው በዕድሜ የገፉ፣ ዓይናቸው ግን ያልደከመ ሊቅ ነበሩ። ከቅዳሴ በኋላ ወንጌሉ በመጎናጸፊያ ተጠቅልሎ ወጣ። «አንድ ሰዓት ሰጥተንሃል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ዕቃ ቤቱ ይመለሳል» አሉኝ። ባለውለታ ነበርሁና አልተከራከርሁም።

ከካሜራው ጋር የመጣው ሜሞሪ ካርድ 8 ሜጋባይት ብቻ ይይዝ ነበር። በአንድ ሜጋፒክስል ካነሣሁ ከአሥራ አምስት ፎቶግራፎች አይበልጥም፤ በ640 በ480 ካነሣሁ ግን ከ50 በላይ ይይዛል። የምፈልጋቸው ገጾች 41 ነበሩ። አሳነስሁት። በካሜራው ትንሽ መስኮት ስመለከተው ፎቶግራፉ ሁሉ ጥርት ያለ መሰለኝ። ያ መስኮት ከሁለት ጣት የማይሰፋ ስለሆነ ማንኛውንም ነገር ጥርት አድርጎ እንደሚያሳይ የተረዳሁት በኋላ ነው።

ሒሳቡን እነሆ። ገጹ ወደ 30 ሳንቲሜትር ቁመት ነበረው። 300 ሚሊሜትር ለ480 ነጥብ ሲካፈል ለአንድ ነጥብ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሰዋል። በኅዳግ የተጻፈው ደቂቅ ፊደል ሦስት ሚሊሜትር ቁመት ቢኖረው በአምስት ነጥብ ይወከላል። አምስት ነጥብ «በ» መሆኑን ለመለየት ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን «በ»ን ወደ «ቡ» የምትለውጠው በጎኑ ያለችው ጭረት ግማሽ ሚሊሜትር ናት፤ ከአንድ ነጥብ ታንሳለች። በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሰነድ አንድ አናባቢ ቢደበዝዝበት ሙሉ ፊደል ነው የሚጎድለው፤ ጉድለቱም ይታያል። በእኛ ፊደል ግን አናባቢው ሲጠፋ ፊደሉ ይቀራል፤ አንባቢውም መጥፋቱን ሳያውቅ በሌላ ቃል ያልፋል።

የእኔ ጥናት የተንጠለጠለው ልክ በዚያች ጭረት ላይ ነበር። የስጦታው ቃል «ወሀበ» ከሆነ ሰጪው አንድ ሰው ነው። «ወሀቡ» ከሆነ ሰጪዎቹ ብዙዎች ናቸው፤ ማለት ወንድማማቾቹ በጋራ የሰጡት ነው። በአንደኛው ንባብ መሬቱ የአንድ መኰንን ችሮታ ይሆናል። በሁለተኛው የአንድ ቤተሰብ የጋራ ርስት ለደብሩ መሰጠቱን ያሳያል። የጥናቴ ሦስተኛ ምዕራፍ በሙሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነበር። አዲስ አበባ ተመልሼ ፎቶግራፉን በኮምፒዩተር ስከፍተው ያየሁት አንድ ግራጫ ነጥብ ነው። ባሰፋሁት ቁጥር ይበልጥ ግራጫ ሆነ።

ቪዲዮውስ? ቪዲዮው እጅግ ያማረ ነበር። አለቃው ከዋርካው ሥር ተቀምጠው 52 ደቂቃ ሳያቋርጡ ተረኩ፤ ነፋሱ፣ የልጆቹ ድምፅ፣ የአለቃው የእጅ እንቅስቃሴ ሁሉ አለ። ወንጌሉ ከመመለሱ በፊትም «ና፣ አንብቤ ላሰማህ» ብለው ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አኑረው ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ያነበቡት «ወሀቡ» ብለው ነው። ድምፁ እንደ ደወል የጠራ ነው። ፎቶግራፉ ያላየውን ቪዲዮው ሰማው።

ታዲያ ችግሩ ተፈታ ትሉ ይሆናል። አልተፈታም። አለቃው ከወንድማማቾቹ የሚወለዱ ናቸው፤ ይህንንም ራሳቸው በዚያው ቪዲዮ ላይ ተናግረዋል። የዋሹ አይመስለኝም፤ እንዲያውም እንደ ተማሩት ያነበቡ ይመስለኛል። ነገር ግን የታሪክ ሰው ጉዳዩ የሚመለከተውን ምስክር ንባብ ከጽሑፉ ጋር ማስተያየት ግዴታው ነው። ፎቶግራፉ የተፈለገው ለዚያ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የተሻለ ካሜራ ተውሼ ስመለስ አለቃው አርፈዋል። አዲሶቹ ኃላፊዎች ወንጌሉን ለማውጣት አልፈቀዱም፤ መብታቸው ስለሆነ አላማርራቸውም። በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ «ቃሉ በነጠላም በብዙም ሊነበብ ይችላል» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ፈታኞቼ በጥንቃቄዬ አመሰገኑኝ። ጥንቃቄ አልነበረም፤ የ8 ሜጋባይት ካርድ ነበር።

ታሪኩ በዚያ አልቆመም። በ2008 ኒኮን ዲ90 እና ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ሲወጡ ነገሩ ተገለበጠ፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣው የቪዲዮ ካሜራ ቦታውን ቪዲዮ ለሚቀርጸው የፎቶ ካሜራ ለቀቀ። የካኖኑ ፎቶግራፍ 21 ሜጋፒክስል ነበር። ሆኖም ሁለቱ ወንድማማቾች አሁንም በሙሉ አልታረቁም። ኒኮኑ ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በላይ፣ ካኖኑም ከ12 ደቂቃ ገደማ በላይ አይቀርጹም ነበር። በዚህ ልክ የአለቃው ትረካ በኒኮኑ አሥር ጊዜ በተቋረጠ ነበር። በኋላ የመጡት ብዙ ካሜራዎችም 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ይቆሙ ነበር። ለዚህ ምክንያቱ በአብዛኛው ሕግ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ምደባ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ የሚቀርጽ መሣሪያ የቪዲዮ ካሜራ ተብሎ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጠብቀው ነበር። መሐንዲሱ ያገናኘውን ቀራጩ ለየው።

ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ሁለቱንም ይሠራል፤ ከእኔ የ1996 ካሜራም እጅግ ይሻላል። ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አነሣሁ? በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው፣ ጥያቄው አሁንም ያው መሆኑ ነው። ተማሪዎቼ «የትኛው ካሜራ ይሻላል?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ልታነብቡት የምትፈልጉት ትንሹ ነገር ምን ያህል ነው? ልታደምጡት የምትፈልጉት ረጅሙ ነገርስ? የመጀመሪያው የፎቶግራፉን ልክ፣ ሁለተኛው የቪዲዮውን ርዝመት ይወስናል። በሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ። ከመውጣታችሁ በፊት በቤታችሁ ካለ መጽሐፍ ደቂቁን ጽሑፍ አንሡና በትልቅ መስኮት ከፍታችሁ «በ»ንና «ቡ»ን ለዩ። ካልተለዩ ቀረብ ብላችሁ ገጹን በአራት ከፍላችሁ አንሡ። ትርፍ ካርድና ትርፍ ባትሪ ከሚያምር ሌንስ ይቀድማሉ። ገንዘብ ካነሰም አንድ ሁለገብ መሣሪያ ከመግዛት ሁለት ያገለገሉ መሣሪያዎች መያዝ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ አስቸኳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አኑሯል፤ ያን ፊልም ዛሬም ብርሃንና ማጉያ መስታወት ያለው ሁሉ ያነብበዋል። የእኛ ሚኒ ዲቪ ካሴት ግን ያለ ማጫወቻው ዝም ያለ ዕቃ ነው። ማጫወቻው መሠራቱ ቆሟል፤ የፋየርዋየር ቀዳዳም ከአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ጠፍቷል። ስፋቱ ከሰባት ሚሊሜትር ያነሰው ክር ደግሞ ሙቀትና አቧራ አይወድድም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በመሳቢያው ውስጥ እንዲህ ያለ ካሴት የሌለው የእኔ ዘመን ተመራማሪ ያለ አይመስለኝም። በእነዚያ ካሴቶች ላይ ያሉት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። የአንድ ካሴት ይዘት ወደ 13 ጊጋባይት ያህል ነው፤ በዛሬው ዋጋ የሚያስቀምጠው ቦታ ርካሽ ነው። ውድ የሆነው የሚሠራ ማጫወቻ ማግኘቱ ነው፤ እርሱም በየዓመቱ ይበልጥ እየጠፋ ይሄዳል። በግሌ የያዝሁት አሮጌ ካሜራ እስካሁን ያጫውታል። ካሴት ያላችሁ አምጡልኝ፤ አብረን እንገልብጠው።

የአለቃውን ካሴት ገልብጬ ሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ። አንዱን ቅጂ ለደብሩ ወስጄ ሰጠሁ፤ የልጅ ልጆቻቸው ድምፃቸውን ሰምተው አለቀሱ። ስለ ወንጌሉ እንደገና አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ከእናንተ አንዱ በተሻለ ካሜራና በተሻለ ትሕትና ሄዶ ያችን ጭረት ያይልኝ ይሆናል። «ወሀበ» ሆኖ ከተገኘ ሦስተኛው ምዕራፌ መታረም ይኖርበታል፤ አስቀድሜ ፈቅጃለሁ።